እናቴን ትቼ የወጣሁ ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት አንድ ቤት ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስነዳል። ባልየው ፓርኪንሰን ይዞት ኑሮው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው። ሚስትየው ሰባውን አልፋለች። እኔ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነኝ፤ በየቤቱ እየሄድኩ ሕመምተኛ የምንከባከብ ሠራተኛ። ከሱ ጋር አራት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ እሷ ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጥፍሯን ተቀብታ፣ ማኪያቶዋን ይዛ ገባች። በሆዴ ምን እንዳልኩ አልደብቃችሁም። «እሷ እቴ! ባሏ እዚህ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ቄንጥ ላይ ናት» ነው ያልኩት።

የዚያ አራት ሰዓት ክፍያ በምፈርምበት ወረቀት ላይ ስም ነበረው። «ሪስፒት» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈርሜበታለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እፎይታ ማለት ነው። እፎይ የምትለውም አስታማሚዋ ናት። ይሄ የገባኝ የራሴ እናት ስትታመም ነው፤ ያውም ዘግይቶ።

እናቴን በግሪን ካርድ ሳመጣት ደህና ነበረች። ያደገችው ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ብሎ ካለ ገጠር ነው። በመጣች በአራተኛው ዓመት ገደማ ምድጃ ላይ የጣደችውን መርሳት ጀመረች። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠፋባት። ቀጥሎ ስሜ። ሐኪሙ አልዛይመር ነው አለን። ቀን ቀን አትከፋም። ጉዱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ልብሷን በፌስታል ትቋጥርና በሩ ሥር ትቆማለች። «ላሞቹ አልገቡም እኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች። ላሞቹ ካለቁ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ይሄ የምሽት መረበሽ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የአልዛይመር ሕመምተኛ ላይ ይታያል። ሐኪሞቹ «ሰንዳውኒንግ» ይሉታል።

ሁለት ዓመት በቤታችን ያዝናት። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ሥራዬን ወደ ሌሊት ፈረቃ አዞርኩት። ሌሊት ልጄ አያቷ አጠገብ ትተኛለች፣ ቀን እኔ። ሌሊት የሰው እናት አገላብጣለሁ፣ ቀን የራሴን አጥባለሁ። ቀይ መብራት ላይ አንቀላፍቼ ከኋላ በጥሩምባ የቀሰቀሱኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ተረኛ ያልሆንኩበት ሌሊት ነው፣ እማዬ በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ በረዶ ላይ ወጣች። ሮጬ ደረስኩባት። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። ጮህኩባት። እጇን ከሚገባው በላይ ጨምቄ ያዝኩት። ጠዋት ሻይ ስሰጣት የበለዘውን እጇን እያየች «ልጄ፣ ይሄን ምን ነካኝ?» አለችኝ። «ወድቀሽ ነው» አልኳት። «እግዜር ነው ያተረፈኝ» ብላ ሻይዋን ጠጣች።

ይሄን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ ለዚያ ንስሐ አባት አለኝ። ግን አስቡት። ሌላ ሠራተኛ አንዲት አሮጊት ላይ እንዲህ ስታደርግ ባይ፣ ስልክ አንስቼ የማመለክተው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ነው የፈረንጇ ሴትዮ ፀጉር ትዝ ያለኝ።

ለምን ቀድሜ እርዳታ አልጠየቅኩም? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ምን ይለኛል ነዋ። «እናቷን ለፈረንጅ ሰጠቻት» ይላሉ። ደግሞ ሪስፒት ማለት ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት፣ ማስገባት ይመስለኝ ነበር፤ በዚህ ሥራ የምኖር ሰው እንዲህ ካሰብኩ ሌላው ምን ሊያስብ ነው? እፎይታው ብዙ ዓይነት ነው። ሰው ቤታችሁ መጥቶ ለጥቂት ሰዓት ይተካችኋል። ወይም ሕመምተኛው የቀን ማዕከል ውሎ ማታ ይመለሳል። ወይም ለጥቂት ቀናት አንድ ተቋም ያድራል፤ እናንተ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ደርሳችሁ ትመጣላችሁ። ሰውየው የእናንተው ነው፣ ቤቱም ቤቱ ነው።

ሐኪሙ ጋ ያለችው ሶሻል ወርከር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ፣ ዘንድ ገባሁ። «ደከመኝ» ብላችሁ ብትገቡ አይዞሽ ተብላችሁ ትወጣላችሁ። «ሪስፒት እፈልጋለሁ» በሉ። ቃሉን ስታውቁት መሳቢያው ይከፈታል። እሷ የነገረችኝን በፖስታ ጀርባ ላይ ጽፌ ወጣሁ፤ ፖስታው ዛሬም አለኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ሜዲኬር አይደለም» የሚል ነው። ሜዲኬር መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ሜዲኬር ለቀን ማዕከልም፣ እኔን ተክቶ ለሚቀመጥ ሰውም በደንቡ አይከፍልም። ሁለት ቀዳዳ አለው። ሕመምተኛው ሆስፒስ፣ ማለትም ለመጨረሻ ጊዜው የሚደረግ እንክብካቤ፣ ውስጥ ከገባ፣ አስታማሚው እንዲያርፍ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ቀን ተቋም ውስጥ ያስተኙታል። ሌላው በሐምሌ 2024 የተጀመረ «ጋይድ» የሚባል የሙከራ ፕሮግራም ነው። ለመርሳት ሕመምተኞች ነው፤ በሽታው ለጠናባቸውና ቤት ውስጥ አስታማሚ ላላቸው በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የሪስፒት አገልግሎት ይሸፍናል። ዋናውን ሜዲኬር የያዘ ሰው ነው የሚገባበት፤ በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው አድቫንቴጅ ፕላን ያለው አይገባም። ሐኪሙ ፕሮግራሙ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

ሜዲኬድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ግን ይከፍላል። ችግሩ እኛ ጋ ነው። ወላጁን በግሪን ካርድ ያመጣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ብዙውን ጊዜ ሜዲኬድ ለማግኘት ግሪን ካርድ ከያዙ በኋላ 5 ዓመት መጠበቅ አለ። ከዚያ በኋላም ስፖንሰር ያደረገው ልጅ ገቢ ከእናትየዋ ገቢ ጋር ሊደመር ይችላል። ዜግነት ከወሰደች ይሄ ጣጣ ይቀራል። «እንዴት ብላ ትፈተናለች? ስሟንም አታውቅ» አልኩ። ለካ ኤን 648 የሚባል ቅጽ አለ። ሐኪሙ ሞልቶ፣ በሕመሟ ምክንያት እንግሊዝኛና ታሪክ መፈተን እንደማትችል ያስረዳል። የእማዬ ሐኪም መጀመሪያ ሁለት መስመር ጽፎ ሰጠኝ። ተመለሰብን። በሽታው አእምሮዋ ላይ ምን እንዳደረገና ለምን መማር እንደማትችል በዝርዝር ሲጽፍልን አለፈ። ስለዚህ ሐኪሙን ጨቅጭቁት። መዘግየቱ ያበሳጨኝ አሁን ነው፤ ወረቀቱን በአምስተኛው ዓመት ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ባልመጣ ነበር።

ሜዲኬድ ካገኘች በኋላ የቀን ማዕከሉ መንገድ ተከፈተ። ሜሪላንድ ውስጥ ሜዲካል ዴይ ኬር ይሉታል። ነርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ መኪና ከቤት ወስዶ ይመልሳል። ሜዲኬድ የሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ አልዛይመር ያለበት ሰው የምታስታምሙ ከሆነ፣ የአካባቢያችሁ የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቤተሰብ አስታማሚዎች ፕሮግራም አለው። ሜዲኬድ አይጠይቅም። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ በ1-800-677-1116 ይነግሯችኋል። የአልዛይመር ማኅበር ስልክ ደግሞ 1-800-272-3900 ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኛሉ። እኔ አንዴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውዬ አልቅሼበታለሁ። አልሰለቹኝም።

የመጀመሪያው ማዕከል አልሆነልንም። ስሙ ይቅር። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፣ ሽማግሌው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል። እማዬ ከበሩ ቆም ብላ አየች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ገብታ ከአንድ የኮሪያ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠችና «እግዜር ያጽናችሁ። ማን ነው የሞተባችሁ?» አለች። ሳቄ መጣ። ወዲያው እንባዬ መጣ። እውነቷን ነው፣ ለቅሶ ቤት ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት «እናትሽ ምግብ እምቢ ትላለች» ብለው ደወሉልኝ። መቼ መቼ? አልኩ። ረቡዕና አርብ። ዶሮ ያቀርቡላታል እኮ! ስሜን ረስታለች፣ ጾሟን አልረሳችም። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩም። ጥፋቱ የግማሽ የግማሽ ነው። ቀሪውን ሰዓት ደግሞ ቢንጎ ላይ ያስቀምጧታል። በማታውቀው ቁጥር፣ በማታውቀው ቋንቋ።

ሁለተኛው ማዕከል ስንሄድ አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ ጠበቀችን። ሪክሪኤሽናል ቴራፒስት ነኝ አለች፤ ሰው በሚወደው ሥራና ጨዋታ የምትረዳ ባለሙያ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሆዴ «ሌላ ቢንጎ» አልኩ። ጥያቄዋ ግን ሌላ ነበር።

«ሥራዋ ምን ነበር?»

«የቤት እመቤት ነበረች።»

«እጆቿስ ምን ይሠሩ ነበር?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ትንሽ አሰብኩ። ማገዶ ትለቅማለች፣ ጤፍ ታበጥራለች፣ ቡና ትቆላለች... ማታ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። እዚህ ላይ አስቆመችኝ። መፍተሉን አሳዪኝ አለች። እንዝርት የለኝ፣ በእስክሪብቶ አሳየኋት።

በሳምንቱ ቴራፒስቷ በቅን ልብ ከፋርማሲ የጥጥ ኳስ ገዝታ ጠበቀችን። እማዬ አንዱን አነሳች፣ ዘረጠጠችው፣ አሸተተችው። «ይሄ የቁስል ነው» ብላ መለሰችላት። ስለዚህ አዲስ አበባ ደወልኩ። የወንድሜ ሚስት ስትመጣ ሁለት እንዝርትና አንድ ፌስታል ባዘቶ በበርበሬውና በሽሮው መሃል ሸጉጣ አመጣችልን። ባዘቶው እስከ ዛሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ። እንዝርቱን እጇ ላይ አስቀመጥንላት። አልጠየቀችም። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ያዘች፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ሾረ። ግራ እጇ ወደ ላይ ሄደ፣ ክሩ ተከተለው። ቀጭን፣ እኩል። ሲረዝምባት ጠምጥማ እንደገና ገፋችው። አፏ የሆነ ነገር ያጉተመትማል። ቴራፒስቷ ሰዓቷን ታያለች። ሰባት ደቂቃ። ከዚያ እማዬ ተነሳችና ላሞቹን ልታስገባ ሄደች።

ሰባት ደቂቃውን ጻፈችው። እኔ «በቃ?» ብዬ ነበር፤ እሷ ደስ ብሏታል። ሥራቸው እንዲህ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት። ዝም ብሎ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። መጀመሪያ ሰውየው ምን ይወድ እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚችል ይመዝናሉ። ከዚያ ግብ ያስቀምጣሉ። የእማዬ ግብ ከሰዓት በኋላ፣ መረበሹ ሳይጀምራት በፊት፣ 20 ደቂቃ ተቀምጣ እንድትሠራ ነበር። በሁለት ወር 20 ደረሰች። አሁን አንዳንድ ቀን 40 ትቀመጣለች። ቤት ስትመጣ በሩ ሥር የምትቆምበት ጊዜ አጠረ። በሽታዋን አላዳነውም፤ እየባሰባት ነው የሚሄደው። እንዝርቱን የምትወረውርበት ቀንም አለ። ግን እኔ እራት ሠርቼ የምጨርስበት ሰላም ተገኘ።

ማዕከል ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሲቲአርኤስ የሆነ ሰው አላችሁ ወይ? ይሄ የሪክሪኤሽናል ቴራፒስቶች የብቃት ማረጋገጫ ነው። የሚሰጠው ብሔራዊ ምክር ቤታቸው በ1981 የተቋቋመ ነው። ተምረው፣ ሆስፒታል ወይም ሌላ ተቋም ውስጥ ተለማምደው፣ ተፈትነው ነው የሚያገኙት። ቢንጎ የሚጠራው ሁሉ ቴራፒስት አይደለም። የሚጠራውም ሰው ክፉ ነው አላልኩም፤ ግን ሙያው ሌላ ነው። ሁሉም ማዕከል ይሄ ባለሙያ የለውም። ከሌለ ደግሞ «እጆቿ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለውን መልስ እናንተው ጽፋችሁ ስጧቸው።

እኔ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። ላሚኔት አስደርጌ ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያለው። የምትጠራበት ስም እላዩ ላይ አለ፤ በስሟ ቀርቶ «እማማ» ስትባል ነው ዞር የምትለው። ረቡዕና አርብ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንደማትበላ አለ። «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ስትባል ሁሌም «አይ» እንደምትል፣ ይሉኝታ ስለሆነ ሁለቴ ሦስቴ እንዲለምኗት። ሽንት ሲመጣት ነጠላዋን እንደምትነካካ። ስለ ላሞቹ ስትጠይቅ «ልጁ አስገብቷቸዋል» እንዲሏት፤ በአማርኛም እንዴት እንደሚባል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌላቸዋለሁ። አሁን ሹፌሩ ሳይቀር ይለዋል። አነጋገሩ ያስቃል፤ እሷ ግን ትረጋጋለች።

ይሄ ሁሉ ለአሮጊትና ለሽማግሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2006 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ስሙ ራሱ የዕድሜ ልክ ሪስፒት ነው። ሐሳቡ እርዳታው በዕድሜና በበሽታ ዓይነት መከፋፈሉ ቀርቶ ሕፃንም አዋቂም የሚያስታምም ቤተሰብ በየግዛቱ በአንድ በር እንዲገባ ነው። በሩ ሁሉም ጋ እኩል ወለል ብሎ አልተከፈተም፤ አንዳንዱ ጋ ገርበብ ያለ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። ሜሪላንድ እንደሱ ላሉ ልጆች ኦቲዝም ዌቨር የሚባል ልዩ የሜዲኬድ ፕሮግራም አለው፤ ሪስፒትም በውስጡ አለ። ወረፋው ግን ዓመታት ነው። እህቴ «ልጄ ይሻለዋል» እያለች ሁለት ዓመት ሳትመዘገብ ቀረች። አደራችሁን፣ ሐኪሙ በነገራችሁ ሳምንት ተመዝገቡ፤ ከተሻለው ትሰርዙታላችሁ። እስከዚያ የሞንጎመሪ ካውንቲ ሪክሪኤሽን መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኞችና እንደሱ ላሉ ልጆች የሚያዘጋጀው ፕሮግራም አለ፤ 311 ደውሎ መጠየቅ ነው። ልጁ ዋና ጀመረ። ጩኸት የማይችል ልጅ ጆሮው ውሃ ውስጥ ሲገባ ጸጥ ይልለታል። ፊቱን ብታዩት!

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ስለ አስታማሚዋ እረፍት ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። እማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ትቻት የወጣሁ ቀን የትም አልሄድኩም። ማዕከሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ሦስት ሰዓት በሩን ሳይ ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ኮስትኮ ሄጄ ለእሷ ዳይፐር ገዛሁ። በሦስተኛው ቤት ገብቼ ምንጣፍ አጠብኩ። እረፍት ይረሳል። እንደ ብስክሌት ነው የሚሉት እዚህ አይሠራም። በአራተኛው ቀን ብቻ ነው ጫማዬን አውልቄ የተኛሁት፤ ስነቃ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

ማዕከሉ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ስለዚህ እኛው ራሳችን አንድ ነገር ጀመርን። አራት ነን፦ እኔ፣ እህቴ፣ ባሏ ስትሮክ የመታው ጎረቤቴ፣ እና ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት የ19 ዓመት ልጅ ያለቻት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን። እቁብ ገባን። ገንዘብ የለውም፤ የሚጣለው ሰዓት ነው። በወር አንዴ እጣ እናወጣለን፣ በየቅዳሜው አንዷ አምስት ሰዓት ትወስዳለች። ባለ እጣዋ ቤት የምትሄደው፣ ያን ቀን በራሷ ቤት ባል ወይም የደረሰ ልጅ ያላት ናት።

ዳኛዋ እህቴ ናት፣ ጨካኝ ዳኛ። ደንቡ ጥብቅ ነው። እጣ መሸጥ የለም። መድኃኒት ባለ እጣዋ ለይታ ያስቀመጠችውን፣ በጻፈችው ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጠው። ማንሳትና ማዘዋወር ያልተማረች ሰው የጎረቤቴን ባል ብቻዋን አታነሳም፤ እኔ ስለምችለው እሱ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የምሄደው እኔ ነኝ። ሁላችንም አንዳችን የሌላዋን ሰው መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ያህል አስታማሚዋ እያለች አብረን ተቀምጠን ለምደናል። በተለይ የእህቴ ልጅ አዲስ ፊት አይወድም፤ ከእኔ ሌላ ሰው እስኪቀበል ሁለት ወር ፈጀ። ባለ እጣዋ ደግሞ ቤት ውስጥ መቆየት ክልክል ነው። ጎረቤቴ በመጀመሪያ እጣዋ ወለል ስትወለውል ተይዛለች። ለአራታችንም ቡና እንድታፈላ ተፈረደባት፣ እስከ ሦስተኛው።

በዚህ ወር እጣ እኔ መጨረሻ ወጣሁ፣ ተራዬ ገና ሁለት ቅዳሜ ይቀረዋል። ፀጉር ቤቱ ጋ ከአሁኑ ደውዬ ቀጠሮ ይዣለሁ።